ያልተሳለው ዓይን

አዳማ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሰንበታ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ ጎረቤትህ ፋዲላ ናት። ሁሩታ ላይ የፎቶ ኮፒ ሱቅ እንዳላት፣ የስልክህንም መልእክት የምታነብልህ እሷ እንደሆነች የነገሩኝ ቄስ ዲበኩሉ ናቸው። ደውዬ ስለምናት «እሺ» አለች። ከዚያ «የሚያስከፋው ነገር ከሆነ ግን መሀል ላይ አቆማለሁ» አለችኝ። እህቴ ፋዲላ፣ እባክሽ አታቁሚ። የሚያስከፋው ቦታ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊው፣ አትዝለዪውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስዘለው የኖርኩት እኔ እበቃለሁ።

ለምን ደውሎ አይነግረኝም ትል ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «አቤት» ስትል ዘጋሁት። ድምፄን ቀድቼ ልልክልህም አስቤ ነበር። ግን ድምፄን ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቀዋለህ፤ ሲንቀጠቀጥ ከሰማህ ታዝንልኛለህ። ድምፄ እንዲለምንልኝ አልፈለግሁም። ያደረግሁት ነገር በሰው አፍ፣ እንዳለ ይነበብልህ።

ዝዋይ የመጣን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ የእርሻ ልማቱ ሾፌር ሆኖ ተዛውሮ እናንተ ግቢ አጠገብ ተከራየን። አንተ በኩፍኝ ዓይንህን ካጣህ ያኔ ስምንት ዓመት አልፎህ ነበር። እናትህ ባዩኝ ቁጥር «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ወንድምህን ቤተ ክርስቲያን አድርስልኝ» ይሉኝ ነበር። የማደርስህ ይመስለኝ ነበር እንጂ መንገዱን የምትመራው አንተ ነበርክ። የወፍጮ ቤቱን ድምፅ በቀኝ ጆሮህ፣ የሐይቁን የዓሣ ሽታ በግራ አድርገህ ትሄዳለህ፤ እኔ የሸሚዝህን እጅጌ ይዤ እከተላለሁ። ሰው ግን እኔን ነበር የሚመርቀው። «ዓይን የሆንከው ልጅ ተባረክ!» ይሉኝ ነበር። ምርቃቱን ዝም ብዬ እቀበል ነበር። ሳስበው፣ ያልሆንኩትን ዓይን መሆን የለመድኩት ከዚያ ጀምሮ ነው።

የደብራችንን የብራና ወንጌል ያሳዩን ቄስ ዲበኩሉ ናቸው። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ እሳቸው ስለነበሩ በበዓል ቀን ሕዝቡ ተሳልሞ ሲያበቃ መጽሐፉን አትሮንሱ ላይ ይተዉልንና «በንጹሕ እጅ» ብቻ ብለው ዞር ይሉልን ነበር። አንተ ገጹን የምትፈልገው በጆሮህ ነበር። ብራናው በበጋ ይንኮሻኮሻል፣ በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ዝም ይላል። «ማቴዎስ አለቀ» ትለኛለህ፣ አይቼ ሳረጋግጥ እውነትህን ነው። ሉቃስ ላይ ሰም ጠብ ያለበትን ጠርዝ በአውራ ጣትህ ታውቀዋለህ። ዮሐንስ ጋ ስትደርስ ሥዕሉ ላይ የተሰፋውን ቀይ የሐር መጋረጃ ታገኝና ፊትህ ይለወጣል። ከመግለጥህ በፊት ጎንበስ ብለህ ታሸተዋለህ፤ የፍየል ቆዳ፣ ሰም፣ ደግሞ ከሩቅ የሰው ትንፋሽ።

«ንገረኝ» ትለኛለህ።

እነግርሃለሁ። ጌታ በግራ በኩል ቆሟል፤ ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፣ የፊቱን እኩሌታ ይይዛሉ። ቀሚሱ ቀይ፣ መጎናጸፊያው አረንጓዴ ነው። ሁለት ጣቶቹን ዘርግቶ ዕውሩን ይነካዋል። ዕውሩ በትር ይዟል። ከኋላው የሰሊሆም መጠመቂያ አለ፤ ውኃው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል። የዕውሩ ፊት ቢጫ ነው። ዓይኑ ግን የለም።

«የለም ማለት?»

«ጠፍቷል። ሰው ዓይኑን ሲያመው በጣቱ እየነካው፣ በከንፈሩ እየሳመው ጠርጎታል። ብራናው ብቻ ነው የቀረው። እንዲያውም ጎድጉዷል።»

ያን ቀን ነው ጣቴን ይዘህ እዚያ ጋ ያስቀመጥከው። «ጨፍን» አልከኝ። ጨፈንኩ። «ቀስ ብለህ ከጉንጩ ጀምር። ቀለም ውፍረት አለው፣ ይሰማሃል? አሁን እዚህ ጋ ቆመ። ሰው ጠርጎት ቢሆን ጫፉ ይሸራረፍ ነበር። ይሄ ግን ጥርት ብሎ ዙሪያውን ነው የቆመው። ዓይኑ አልጠፋም፣ ማናሴ። ድሮም አልተሳለም።»

«ታዲያ ሠዓሊው ለምን ተወው?»

«ለእኔ» አልከኝና ሳቅክ። ከዚያ ሳቅህን ትተህ፣ «ለሚነካው ሰው ነዋ። ጌታ ጭቃ ለውሶ በእጁ ነካው። ሠዓሊውም አንተም ንካው ነው የሚልህ። ዓይን ከሩቅ ሆኖም መውደድ ይችላል። ጣትና ከንፈር ግን ሳይጠጉ አይሆንላቸውም» አልክ።

እውነቱን ልንገርህ፣ በጣቴ ምንም አልተሰማኝም ነበር። «አዎ፣ ተሰማኝ» አልኩህ።

ያ ሥዕል ነው እኔን ሠዓሊ ያደረገኝ። ለአንተ ስነግርህ ነው ማየት የተማርኩት፤ ወይም የተማርኩ የመሰለኝ። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሥዕል ተምሬ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ሱቅ ከፈትኩ። የሱቅ ታፔላ፣ የመኪና ጽሑፍ፣ አንዳንዴም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እሠራለሁ። አንተ ዳዊቱን በቃልህ ይዘህ እዚያው ደብራችን ቀረህ፤ ልጆች ታስተምራለህ፣ ዓይኑን የታመመ ሰው ሲመጣም እጁን ይዘህ ወደ ሥዕሉ የምታደርሰው አንተ ነበርክ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሰፋ፣ ያ ሥዕል በትልቁ ግድግዳ ላይ እንዲሣል ተወሰነና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ቄስ ዲበኩሉ ወንጌሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለአሥር ቀን ሰጡኝ። «ከእጅህ እንዳይወጣ» አሉኝ። ከእጄም አልወጣም። የደረሰበት ሁሉ የደረሰበት በእጄ ነው።

አዳማ ሱቄ ውስጥ በሩን ዘግቼ ገለበጥኩት። በሦስተኛው ቀን ግልባጩ አለቀ። ለግድግዳው ሥዕል ዓይን ሠርቼለት ነበር፤ ትልልቅ፣ ጥቁር፣ የተከፈተ ዓይን። አማረልኝ። ወደ መጽሐፉ ዞር ስል ዕውሩ ባዶ ፊቱን ይዞ ቆሟል። እንዴት ብዬ እንደምነግርህ አላውቅም፤ ያሳዘነኝ መሰለኝ። ጄሶ በኮላ ለወስኩና ጉድጓዱን ሞላሁት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ዓይኑን በአክሬሊክ ቀለም ሣልኩት። እንዳይለቅ ብዬ ቬርኒሽ ቀባሁበት፤ ብሩሹን በቀለም ማቅጠኛው፣ በአኳራጅ አጠብኩ።

ሽኩር ያን ሰዓት ገባ። ከሱቄ ቀጥሎ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ የወሎ ሰው ነው፤ ምላስ አይጠፋውም። መጽሐፉን ሳይነካ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አየው።

«የማን ነው?» አለኝ።

«የደብራችን ነው። እያደስኩት ነው።»

«የጻፈው ሰው ሞቷል?»

«ከአምስት መቶ ዓመት በፊት።»

«ታዲያ ወንድሜ፣ የሰው ደብዳቤ ላይ እንዴት ትጽፋለህ? ማንን አስፈቅደህ?» አለኝ።

ሳቅሁበት። እስላም ነው፣ ስለ ሥዕል ምን ያውቃል አልኩ በልቤ። ይህንንም ጻፍኩልህ፣ አልደበቅሁህም።

ብዙ ጊዜ «ለሰንበታ ብዬ ነው ያደረግሁት» ብዬ ራሴን እያታለልኩ ኖሬያለሁ። አንተ የማታየውን ዓይን ለአንተ ብዬ ሣልኩ ማለት ምን ማለት ነው? ለአንተ ብዬ አይደለም። አምስት መቶ ዓመት የኖረ መጽሐፍ ውስጥ የእኔ እጅ እንዲኖር ፈልጌ ነው። ያ ስሙ የማይታወቅ ሠዓሊ የተወውን እኔ ጨረስኩት ማለት ፈልጌ ነው። አንተም፣ ስትዳስሰው፣ «ማናሴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» እንድትለኝና እንድነግርህ ፈልጌ ነበር።

ጠየቅከኝም። ግን እንዳሰብኩት አልነበረም።

መጽሐፉን ስመልስ ቄስ ዲበኩሉ ጨርቁን ሳይፈቱ ተሳልመው ሳጥን ውስጥ አስገቡት። ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ የግድግዳው ሥዕል የሚመረቅ ዕለት ነው የወጣው። መጥቼ አቀፍኩህ። አንገቴ ሥር ትንሽ ቆየህ። ያኔ አልገባኝም፤ ለካ እያሸተትከኝ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማድህ አትሮንሱ ጋ ሄድክ፤ ከኋላህ አንዲት ሴት ዓይኗ የታመመ ልጇን አዝላ ቆማለች። መጋረጃውን ገለጥክ። ጣትህ ከጉንጩ ተነስቶ ሄደና ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ሰው ቤቱ ደርሶ በሩ የነበረበት ቦታ ግንብ ሲሆንበት እንዴት እንደሚሆን አስብ፤ ፊትህ እንደዚያ ነበር።

«ማን ዘጋው?» አልክ።

ቀስ ብለህ ነበር ያልከው፣ ግን ሁሉም ሰማ።

ከሰዓት በኋላ ሰበካው ዛፉ ሥር ተሰበሰበ። ሰዎቹ መጽሐፉን እየተቀባበሉ አዩት። አንዳንዱ «ደግሞ አምሮበታል» አለ። አንተ ቆመህ፣ «ዓይኑ ድሮም አልተሳለም ነበር፤ ሠዓሊው ባዶ ነው የተወው። አሁን የሆነ ነገር ተሞልቶበታል። ይሸታል፣ በጥፍሬ ስነካው እንደ ፕላስቲክ ነው» አልክ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማናሴ፣ አንተ ስትወስደው እንዴት ነበር?»

ፋዲላ፣ እዚህ ጋ ነው አትዝለዪ ያልኩሽ።

«ስወስደውም እንዲሁ ነበር» አልኩ።

ይህ ይበቃ ነበር። ውሸት ነው፣ ግን የፈሪ ውሸት ነው፣ ሰው ይዋሻል። እኔ ግን በዚያ አላቆምኩም። አንተ «ማናሴ፣ ሁለታችንም እናውቀዋለን እኮ፣ ልጆች ሆነን አብረን ነክተነው የለም እንዴ?» ስትል፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ «ሰንበታ መቼ አይቶት ያውቅና?» አልኩ።

ከኋላ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሰብሳቢውም ፈገግ አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ፤ የሚያይ ሰው ቃልና የማያይ ሰው ቃል ተመዘነና የእኔ ደፋ። አንተ ፊትህን ወደ ድምፄ መለስክ። ከዚያ በትርህን አንስተህ በአጠገቤ ስታልፍ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ማናሴ፣ እጅህን ታጠብ» አልከኝ።

የአኳራጁን ሽታ ነው ያልከኝ መስሎኝ እጄን አየሁ። ሌላውን፣ የቄስ ዲበኩሉን «በንጹሕ እጅ»፣ የተረዳሁት አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ፣ መቂን ካለፍኩ በኋላ ነው።

ነገሩ በእሳቸው እጅ እያለ የተደረገ ነው ተብሎ ቄስ ዲበኩሉ በቸልተኝነት ተወቀሱና ከዕቃ ቤቱ ተነሱ። «ለማናሴ ሰጥቻለሁ፣ ሲመልስልኝ መጋረጃውን ገልጬ አላየሁም» ብለው እውነቱን ተናገሩ፤ እውነታቸው ጥፋት ሆኖ ተቆጠረባቸው። መጽሐፉም ከእንግዲህ የሰው እጅ እንዳይነካው ተብሎ መስታወት ውስጥ ገባ። ሥዕሉ የተከፈተበት ገጽ ላይ ሆኖ፣ ሰው በሩቅ እያየው «እንዴት ያለ ዓይን ነው!» ይላል። ዓይኑን የታመመ ሰው ሲመጣ መስታወቱን ይሳለማል። አንተ ሁለት ሳምንት ያህል መስታወቱ አጠገብ ትቆም እንደነበር፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ልጆቹን አሰናብተህ ወደ ሁሩታ፣ ወደ እኅትህ ቤት እንደሄድክ ሰማሁ። ሰው «አኮረፈ» አለህ። ማንም አላስተባበለም። እኔም አላስተባበልኩም።

እንዴት ኖርክ ብትለኝ፣ ደህና ኖርኩ። ይህንንም ልንገርህ፤ ይቆጨዋል፣ እንቅልፍ ያጣል ብለህ ካሰብክ አልነበረም። ሥራ በዛልኝ። ያ የግድግዳ ሥዕል ስም አወጣልኝና ሦስት ቤተ ክርስቲያን ጠራኝ። አልፎ አልፎ ብቻ፣ ዓይን ስሥል፣ እጄ ያለ ምክንያት ይቆማል። ደክሞኝ ነው እል ነበር።

ባለፈው ጥር ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄድኩ። አንድ የትራንስፖርት ማኅበር የመኪናዎቹ በር ላይ ስሙን እንድጽፍለት ጠርቶኝ ነው። መውጫው ጋ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ጥበቃ ወረቀት እያዩ መኪና ያሳልፋሉ። መነጽራቸው በክር ታስሯል። ሳልፍ እጄን ያዙኝ።

«ማናሴ! አንተ ነህ? አረጀህሳ!»

ቄስ ዲበኩሉ ነበሩ። እንዴት ደስ እንዳላቸው! ከዕቃ ቤቱ ከተነሱ በኋላ ልጃቸው ሞጆ አምጥታቸው ጥበቃ ተቀጥረው፣ እሑድ እሑድ እዚያው ባለች ቤተ ክርስቲያን ይቀድሳሉ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ስለ አንተም የነገሩኝ ያኔ ነው፤ በየወሩ ይደውሉልሃል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ታውቃለህ፣ ያን ነገር ሳስበው ሳስበው፣ ለአንተ ከመስጠቴ በፊት፣ የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ያፈሰሰ ጊዜ ይሆናል እላለሁ። መጽሐፉን ሰባት ቀን እቤቴ አስቀምጬው ነበር። ያኔ እቤታችን ብዙ እንግዳ ነበረ፤ አንዱ እጁን አስገብቶበት ይሆናል። ለማንም አልተናገርኩም። ብቻ ለነፍስ አባቴ ነግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ። በቀን አርባ አንድ ስግደት። ጉልበቴ እንቢ ካላለኝ በስተቀር አላቋረጥኩም።»

ስድስት ዓመት፣ ሰንበታ። በየቀኑ አርባ አንድ ጊዜ፣ እኔ ለሠራሁት ጥፋት እሳቸው ሲሰግዱ።

እዚያው ነገርኳቸው። አጠገባችን መኪና እየጮኸ፣ እኔም እየጮኽኩ ነው የነገርኳቸው፤ ጄሶውን፣ ቬርኒሹን፣ ስለ አንተ ያልኩትን። ዞረው መዝጊያውን ብረት አነሱና ሦስት መኪና አሳለፉ፤ የእያንዳንዱን ወረቀት አንድ በአንድ አዩ። ሲመለሱ መነጽራቸውን አውልቀው ነበር።

«ስግደቱን ማን ይመልስልኛል እንግዲህ?» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው መሀል ላይ ተሰብሮ እንባ ሆነ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ። «ተው፣ ሰው ያያል። ለእኔ ነገርከኝ፣ በቃ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ። ሰው ፊት ያዋረድከው ግን እኔን ብቻ አይደለም።»

በሳምንቱ ዝዋይ ወርጄ ለሰብሳቢው ተናገርኩ። እሳቸው ደነገጡ፣ ከዚያ «ነገሩ አልፏል፤ አሁን ሕዝቡን ምን ያስበረግገዋል? ባለሙያ ጠርተን በጸጥታ እናስተካክለዋለን» አሉኝ። እኔም እፎይ አልኩ። ታየኛለህ? ከሞጆው ነገር በኋላ እንኳን፣ በጸጥታ ያልቅልሃል ሲሉኝ እፎይ አልኩ። አንድ ወር ከምናምን በዚያ እፎይታ ኖርኩ።

በመጋቢት የብራና ጥገና ባለሙያዋ ከአዲስ አበባ መጣች። ወጣት ናት፣ ወሬ አታበዛም። መስታወቱ ተከፍቶ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ በትልቅ ማጉያ እያየች፣ በጥጥና በቀጭን መሣሪያ ሦስት ቀን ሙሉ የእኔን ዓይን ከዕውሩ ፊት ላይ ለቀመችው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። በሦስተኛው ቀን ቀና አለችና «ይሄ ጠፍቶ ነበር ያለኝ ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አልጠፋም። ዓይን ተስሎበት አያውቅም። የቀለም ቅንጣት የለም፣ የመነሻ መስመር እንኳን የለም። የፊቱ ቀለም ዙሪያውን ጥርት ብሎ ነው የሚቆመው፤ አይታችሁታል? ሠዓሊው አውቆ ነው ቆዳውን የተወው። ከእናንተ ይሄን ያወቀ ሰው አልነበረም?»

ሰብሳቢው መሬት መሬት አዩ። ባለሙያዋ ያለ ማጉያ ልታየው የማትችለውን አንተ በአሥራ ሦስት ዓመትህ በጣትህ አውቀኸዋል፤ ለእኔም ነግረኸኛል፤ እኔም «ተሰማኝ» ብዬህ ነበር።

ስለ መጽሐፉ እውነቱን ማወቅ አለብህ። ጄሶው ወጥቷል። ቬርኒሹ ግን ቆዳው ውስጥ ገብቷል፤ የተቀረው ጠርዝ ጠቁሯል፣ ጎድጓዳው ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ስለፋቅሁት ሻክሯል። የስንት ሰው ጣት አለስልሶት እንደነበር አንተ ታውቃለህ። ያ ልስላሴ የለም። እንደገና እንዲለሰልስ ሌላ አምስት መቶ ዓመት ይፈልጋል አለችኝ፤ ለመቆጣት አይደለም፣ ስጠይቃት ነው የመለሰችልኝ።

በዳግማይ ትንሣኤ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰብሳቢው ሳይፈቅዱልኝ ተነስቼ ቆምኩ። የዕለቱ ወንጌል የቶማስ እንደሆነ ለአንተ አይነገርም። ቄስ ዲበኩሉም ከሞጆ መጥተው በር አጠገብ ቆመው ነበር። ብዙ ላወራ አስቤ ነበር፤ የወጣኝ ግን ጥቂት ነው። «ዓይኑን የሣልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ስትጠይቁኝ ዋሸሁ። ቄስ ዲበኩሉ ምንም አላጠፉም። ሰንበታ አይቶት አያውቅም ያልኩትም ውሸት ነው። ከሁላችን እሱ ብቻ ነው ያየው።»

ማንም አልጮኸብኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ወደ ቄስ ዲበኩሉ ሄደው ጉልበታቸውን ሳሙ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ወረፋ ሆነ። ያን ቀን የሳቁብህ ሁለቱ ሰዎች የትኞቹ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ሁለቱም እዚያ ነበሩ፤ አንደኛው ወጥቶ ሄደ፣ አንደኛው ነጠላውን ፊቱ ላይ አደረገ።

ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት፣ «አሁን ታዲያ መንካት ይቻላል?» ብላ ጠየቀች።

ክርክር ተነሳ። ሰብሳቢው ባለሙያዋ ቆዳው ቆስሏል፣ አይነካ እንዳለች ተናገሩ። ሌሎቹ ደግሞ፣ ሠዓሊው ሰው እንዲነካው ከተወው መስታወቱ ከማናሴ ጄሶ በምን ይለያል አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ አፌን መክፈት አልነበረብኝም፣ አልከፈትኩም። በመጨረሻ ቄስ ዲበኩሉ፣ «ሰንበታ ይጠየቅ» አሉ። ሁሉም «ይጠየቅ» አለ። ሰብሳቢው ሳይቀሩ አሉ። እስከዚያ መጽሐፉ መስታወት ውስጥ አልተመለሰም፤ ሳጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው።

ይህን እንድነግርህ ላኩኝ ማለት አልችልም፤ እኔን የሚልክ የለም። ቄስ ዲበኩሉ ራሳቸው ሊመጡ ነበር። እኔ ነኝ መጀመሪያ ልጻፍለት ብዬ የለመንኳቸው፤ ነገሩን ከእሳቸው አፍ ሰምተህ፣ እሳቸውን አክብረህ ይቅር እንድትለኝ ስላልፈለግሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ ግንቦት 2 ቀን፣ እሳቸው የአሰላን መኪና ይዘው ሁሩታ ይመጣሉ። እኔም እስከ መናኸሪያው አደርሳቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም፤ መናኸሪያው ውስጥ ቆይቼ እሳቸውን ይዤ እመለሳለሁ። ልታገኘኝ ከፈለግህ ለፋዲላ ንገራት፣ ቁጥሬ አላት። ካልፈለግህም ለእሷ ምንም አትበላት፣ ይገባኛል።

ለእኔ መልስ የለብህም፣ ሰንበታ። ለእነዚያ ሰዎች ግን መልስ ስጣቸው፤ ይነካ ትል ወይም አይነካ፣ ለእነሱ ንገራቸው። የጠየቁት አንተን ነው፤ ደግሞ የሚጠብቁት የታመመ ዓይን ያለው ልጅ ያዘሉ ሰዎች ናቸው።

ፋዲላ፣ እግዜር ይስጥሽ። ጨርሰሽ ካነበብሽለት ወረቀቱን እጁ ላይ ተዪለት፤ ብዕሬን ጫን አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ማናሴ
ከአዳማ